ጃቫስክሪፕት ላይ የማይለወጥ ዳታ ስንጠቀም የምንሳሳታቸው ነገሮች

በሪአክት (የድረ ገጽ ስክሪን መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዳታው ተቀይሯል፣ ኮንሶሉ ላይም አዲሱ ዋጋ ይታያል፣ ስክሪኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱም ሪአክት ስቴቱን (ስክሪኑ የሚያሳየውን ዳታ) ውስጡ ገብቶ አይፈትሽም። ያው የድሮው ኦብጀክት ከመጣለት «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ነባሩን ሳንነካ አዲስ መፍጠር አለብን፤ የማይለወጥ ዳታ የምንለው ይህንን ነው። ችግሩ፣ ሳንነካው የቀረን እየመሰለን የምንነካው መሆኑ ነው።

ኮንስትን ማመን። ተለዋዋጭ የምንሰይምበት ኮንስት (const) የሚከለክለው ለስሙ ሌላ ዋጋ መስጠትን ብቻ ነው። በኮንስት የተያዘ አሬይ (ዝርዝር) ላይ ፑሽ ብላችሁ አዲስ ነገር ብትጨምሩ ያለ ምንም ችግር ይገባል።

ስፕሬድ (በሦስት ነጥብ የሚጻፈው መቅጃ) ሁሉን ይቀዳል ብሎ ማሰብ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ትዕዛዝ አለ እንበል። ውስጡ ደንበኛ፣ ደንበኛው ውስጥ አድራሻ፣ አድራሻው ውስጥ ከተማ፦ አዳማ። ትዕዛዙን በሦስቱ ነጥብ ቀድታችሁ ቅጂው ላይ ከተማውን ሐዋሳ ብታደርጉት ዋናውም ሐዋሳ ይሆናል። የተቀዳው የላይኛው ደረጃ ብቻ ነዋ! ደንበኛው በሁለቱም ውስጥ ያው አንድ ኦብጀክት ነው። መፍትሔው እስከምትቀይሩት ቦታ ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ መቅዳት ነው፦ ትዕዛዙን፣ ደንበኛውን፣ አድራሻውን። ያልነካችሁት የዕቃዎች ዝርዝር ግን በጋራ ይቆይ፤ ሜሞሪ ይቆጥባል። ደረጃው ከሦስት ካለፈ እኔ ኢመር የተባለውን ላይብረሪ እመርጣለሁ። በቀጥታ እንደምትቀይሩ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ፣ አዲሱን ቅጂ እሱ ይሠራላችኋል።

ኦብጀክትን እንዳይለወጥ የሚቆልፈው ፍሪዝም (Object.freeze) እንደዚያው ነው። የሚቆልፈው የላይኛውን ደረጃ ብቻ ነው። ስትሪክት ሞድ (የጃቫስክሪፕት ጥብቅ አሠራር) ካልበራ ደግሞ ለውጡን ዝም ብሎ ይተወዋል፣ ኤረር እንኳ አያሳይም።

በሶርት (አሬይ መደርደሪያ) መታለል። ሶርት አሬይ ስለሚመልስ አዲስ ይመስላል። የመለሰው ግን ያንኑ አሬይ ነው፣ የነበረውን ቅደም ተከተል ቀይሮ። ከኋላ ወደ ፊት የሚያዞረው ሪቨርስም እንደዚሁ። በ2023ቱ የቋንቋው ስታንዳርድ የገቡት ቱሶርትድና ቱሪቨርስድ ዋናውን አይነኩም። የቆየ ብራውዘር ካለባችሁ መጀመሪያ በስላይስ ቅዱና ከዚያ ሶርት አድርጉ።

ሁሉን በጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ ማስቀመጫ ፎርማት) መቅዳት። ወደ ጄሰን ቀይሮ መመለስ ቀኑን ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል፣ ማፕን (ቁልፍና ዋጋ የሚያጣምረውን) ባዶ ኦብጀክት፣ ዋጋው አንዲፋይንድ (ያልተሰጠ) የሆነውን ፊልድ ደግሞ ጭራሽ ያጠፋዋል። ስትራክቸርድክሎን የተባለው መቅጃ ፈንክሽን ቀንና ማፕን በትክክል ይቀዳል፤ ፈንክሽን ካገኘ ግን ኤረር ይጥላል። ከሁሉ በላይ፣ አንዲት ፊልድ ለመቀየር ሁሉን ከሥሩ መቅዳት አያስፈልግም። ሁሉም ነገር አዲስ ስለሚሆን ሪአክት ያልተለወጠውንም እንደተለወጠ ቆጥሮ እንደገና ይሠራዋል።

ኢሚዩተብል ጄኤስ (የማይለወጥ ዳታ ላይብረሪ) ላይ የተመለሰውን አለመያዝ። ዋጋ ለመቀየር ሴት (set) ብላችሁ ውጤቱን ለተለዋዋጭ ካልሰጣችሁት ለውጡ የለም። ቱጄኤስንም (toJS፣ ወደ ተራ ኦብጀክት መመለሻውን) ሬንደር (ስክሪኑን የሚሠራው ኮድ) ውስጥ አትጥሩት፣ በተጠራ ቁጥር አዲስ ኦብጀክት ይሠራል። ዳታው ወደ ሰርቨር ሲወጣ ብቻ ተጠቀሙበት።