ወደ ሳነቴ በመኪና፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ባሌ ሊሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ ጎባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግን ይሄ ቁጥር ብዙም አይጠቅማችሁም። ይልቅ ከፍታውን ቁጠሩ። አዳማ ስትደርሱ 1,700 ሜትር አካባቢ ወርዳችኋል። አሰላ ላይ ተመልሳችሁ 2,400 ናችሁ። ዲንሾ 3,100 ነው፣ ሮቤ ደግሞ ወደ 2,500 ዝቅ ይላል። ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000ን ያልፋል። ከዚያ በሐረና ጫካ ቁልቁል ወርዳችሁ ደሎ መና ስትገቡ ከ1,500 በታች ናችሁ። መኪናውንም ተሳፋሪውንም የሚፈትነው ይሄ መውጣትና መውረድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

ዲንሾ ሳንደርስ መሸብን

ጥፋተኛው ፈጣን መንገዱ ነው። እስከ አዳማ አንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ይፈጅና "በዚህ ዓይነት ለምሳ ሮቤ ነን" ያስብላል። ከአዳማ በኋላ ግን ከብት አለ፣ የአህያ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱ ራሱ ገበያ ነው። ኢተያን አልፋችሁ የአርሲ የስንዴ ማሳ ሲዘረጋ ደግሞ "እዚህ ጋ ፎቶ!" የማይል ሰው የለም። በቆጂም ላይ ቡና ትጠጣላችሁ። እነ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የሮጡበትን አገር ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከአዳማ በኋላ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አታስሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ውጡ። እስከ 9 ሰዓት ዶዶላ ካልደረሳችሁ እዚያው ወይም አዳባ እደሩ። ማደሪያው የሆቴል ኮከብ ላይኖረው ይችላል፣ ግን በጨለማ መብራት ከሌለው ጋሪ ጋር ከመገናኘት በብዙ ይሻላል። በነገራችን ላይ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ መስመር ሰሞኑን የተመላለሰ ሹፌር ፈልጋችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። የስልክ ካርታ ይሄን አይነግራችሁም።

መኪናው አቀበት ላይ ጉልበት አጣ

ነዳጅ ትረግጣላችሁ፣ እሱ ግን ያቃስታል። ናፍጣ ከሆነ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደንግጦ መካኒክ ይደውላል።

ሞተሩ አልተበላሸም፤ አየር አንሶት ነው። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ያልተቃጠለው ናፍጣ ነው ጥቁር ጭስ የሚሆነው። ቱርቦ ያለው ብዙም አይሰማውም።

ማርሽ ቀንሱ፣ በሁለተኛ ረጋ ብላችሁ ውጡ። ኤር ኮንዲሽነር አጥፉ፣ ብርዱ ራሱ በቂ ነው። ከአዲስ አበባ ከመውጣታችሁ በፊት የአየር ማጣሪያው ይፈተሽ። በቆሸሸ ማጣሪያ ላይ ቀጭን አየር ሲጨመር መኪናው በእውነት ይቆማል። ጣሪያው ላይ የጫናችሁትንም እዩት። ለሁለት ሌሊት ሦስት ጆንያ ከሰል ማን ይፈልጋል?

የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ሄደ

ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሳነቴ ላይ በ87 አካባቢ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ይሄን ያካክሳል፣ ክዳኑ ላልቶ ከሆነ ግን አቀበቱ መሃል ላይ ራዲያተሩ ይፈላል። ቺንጋው የሳሳ፣ ቬንቲሌተሩ የሰነፈ ከሆነም ያው ነው።

ቁሙ። ሞተሩ ሲበርድ እንጂ ክዳኑን አትንኩ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ማቆሚያ እስክታገኙ ድረስ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ትኩሳቱን ከሞተሩ ይስባል። ተሳፋሪው ቢያማርርም ይታገስ። በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ግን ቴስታውን (የሞተሩን ራስ) መሰንጠቅ ነው።

ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሳነቴ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ በተለይ ከህዳር እስከ ጥር። እዚያ ድንኳን ጥላችሁ ልታድሩ ካሰባችሁ ኩላንት (በብርድ የማይረጋ የራዲያተር ፈሳሽ) ይሙላ።

ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ፍሬኑም ለሰለሰ

ይሄ ከሁሉም ይከፋል። ሳነቴን ጨርሳችሁ ወደ ሐረና ስትወርዱ መንገዱ ኩርባ በኩርባ ነው፤ ከግራ ገደል፣ ከቀኝ ዳገት። ዓይናችሁ ከእግራችሁ ስር የተዘረጋው ጫካ ላይ ነው፣ እግራችሁ ደግሞ ፍሬኑ ላይ ተለጥፏል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ይሰምጣል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ነዳጅ የበላው ጉልበት ወደ ታች ሲወረድ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሁሉንም ለፍሬኑ ከሰጣችሁት ወደ ሙቀት ይለወጣል። መጀመሪያ ሸራው ይግልና መያዝ ይቀንሳል። ከዚያ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ዘይቱ ካረጀ ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለጠጣ ቶሎ ይፈላል። ተራው ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል። አረፋ ላይ ስትረግጡ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሄዳል። "ፍሬን በጠሰ" የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። የተበጠሰ ነገር የለም።

መከላከያው ማርሽ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ አስገቡ፣ ቁልቁለቱ በጣም ቀጥ ካለ አንደኛ። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ዛሬም ይሠራል። ኦቶማቲክ ከሆነም ማንሻውን ከዲ አውርዱት። ኤል ወይም 2 የተጻፈበት የተቀመጠው ለዚህ ነው። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቁ። ቀስ እያላችሁ ሁልጊዜ መርገጥ ነው የሚያግለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ (ከማርሽ አውጥቶ) የሚወርድ ሹፌር ካጋጠማችሁ ውረዱለት። ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፣ የሚተርፍ ነገር የለም።

ሽታው መጥቶ ከሆነስ? ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ከጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። ጎማው ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ የጋለ ዲስክ በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። በእግር ዞር ዞር እያላችሁ ጦጣ እዩ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ፔዳሉን ሞክሩት። ጠንክሮ ከተመለሰ በአንደኛ ቀጥሉ፤ ካልተመለሰ አትንቀሳቀሱ። ስትነሱ ድንጋዩን ከመንገዱ አንሱት። ማታ የሚመጣው ሰው አያየውም።

ሽታው አቀበት ላይ ከመጣ ግን ፍሬን አይደለም፣ ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉን በግማሽ ይዞ መቆም ይተው።

ኤሌክትሪክ መኪናው ቻርጅ ጨረሰ

አሁን ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ በዝቷል። ሂሳቡ እንዲህ ነው። ከነሰውና ከነሻንጣው 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ከጎባ ሳነቴ መውጣት ወደ 8 ይጠጋል፣ የመንገዱ ፍጆታ ሳይቆጠር። ብርዱም የባትሪውን አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ "በአንድ ቻርጅ ይሄን ያህል ይሄዳል" የሚለው የሻጩ ቁጥር ባሌ ላይ አይሠራም።

ቁልቁለት ላይ የተወሰነው ይመለሳል። ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን የሚቀበል ቦታ የለም፣ መኪናውም በራሱ መያዙን ይተዋል። ከአምባው ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ መውረድ አይመከርም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የምታድሩበት ሆቴል ሌሊቱን እንደሚያስሰካችሁ በስልክ ሳታረጋግጡ በኤሌክትሪክ አትሂዱ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ

እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ።

ኩርባ ላይ ከጀመረና ሲቆም ከተወ የመኪናው መናወጥ ነው። ሰውየውን ከፊት አስቀምጡት፣ ስልኩን ቀሙት፣ ሩቅ ያለውን ጋራ ይይ። መድኃኒት የሚወስድ ከመነሳቱ በፊት ይውሰድ፣ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረባም። ሎሚ ማሽተቱም ብርቱካን ልጣጩም ጉዳት የለውም። ፌስታል ግን ከሁሉም በፊት ይያዝ፣ ያልተቀደደ መሆኑም ይታይ።

መኪናው ቆሞም ከቀጠለ፣ ራስ ምታት ካለበት፣ ደረጃ እንደወጣ ሰው ትንፋሹ ካጠረ ከፍታው ነው። የአዲስ አበባ ሰው 2,400 ሜትር ስለለመደ ይሻለዋል። ትናንት ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የገባ ዘመድ ግን ከባህር ጠለል ተነስቶ ነው የመጣው። እሱን በሦስተኛው ቀን 4,000 ላይ ማውጣት ጭካኔ ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ይክረም፣ ከዚያ ጎባ ይደር። አምባው ላይ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይውረድ፣ እዚያ አይተኛ። ምልክቱ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው። ከፍታው ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለጋችሁ ከአዳማ የገዛችሁትን የታሸገ ቺፕስ ተመልከቱ፤ ሳነቴ ላይ ሊፈነዳ እስኪደርስ ተነፍቶ ታገኙታላችሁ።

ወጣን፣ ከጉም በቀር ያየነው የለም

ሰዓቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከሐረና በኩል ሽቅብ ይመጣል። ከጎባ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ጅብራ የሚባለውን ረጅም ተክልም፣ ቀይ ቀበሮውንም፣ 4,377 ሜትር የሆነውን የቱሉ ዲምቱ ተራራንም ያያል። ቁርስ በልቶ በ4 ሰዓት የተነሳ ዕድሉን ይሞክራል። ወሩም ልዩነት አለው። ባሌ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ የጠራው ሰማይ ከህዳር እስከ ጥር ነው።

ቀይ ቀበሮው አይጥና ፍልፈል እያደነ መንገዱን ያቋርጣል፣ ስለዚህ አምባው ላይ አትፍጠኑ። ውሻችሁንም ይዛችሁ አትምጡ። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል።

ነዳጅ ማደያው አልሸጥም አለን

ወረፋው አልቆ ተራችሁ ሲደርስ ክፍያው በስልክ ብቻ ነው ትባላላችሁ። ኔትወርክ ጠፍቷል፣ ወይም ከውጭ የመጣው ሹፌር ቴሌብር የለውም። ከተጓዦቹ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰው ገንዘብ ያለበት ሂሳብ ይኑረው። ታንከሩ ግማሽ ቢሆንም አሰላ ላይ አስሞሉት፣ ሮቤ ላይም ድገሙት። ከጎባ በኋላ እስከ ደሎ መና ማደያ እንደሌለ አድርጋችሁ አስሉ። ስኮርታውንም አዲስ አበባ ላይ አስነፉት፣ ክሪኩም ከእነ እጀታው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።