የፋሲል ግቢን ግንብ መገጣጠሚያ በኖራ መሙላት

መጀመሪያ ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ይሁንታ ቅርስ አይጠገንም። ሥራው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይጀመር።

የላላውን ኖራ በመሮ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አውጡ። በግራይንደር አትሞክሩ፤ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል፤ በተለይ የበርና የመስኮት ቅስት ቀዩ ድንጋይ ለስላሳ ነው። አቧራውን ጠርጋችሁ መገጣጠሚያውን አርጥቡ። በውኃ ተዘፍዝፎ የከረመ ኖራ 1 እጅ፣ የታጠበ አሸዋ 3 እጅ አድርጋችሁ ወፈር አድርጋችሁ ለውሱ፤ ከቀጠነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጆንያ አልብሱት፤ የጎንደር ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል።

ሲሚንቶ? በፍጹም! እርጥበቱን ያፍናል፤ መውጫ ያጣው ውኃም ከነጨው በለስላሳው ድንጋይ በኩል ሲወጣ ፊቱን ይልጠዋል።