ፖርሴሊን ላይ ግሌዝ እንደ ሸረሪት ድር ሲሰነጣጠቅ

በኮን 10 (የእቶን ሙቀት መለኪያ ደረጃ፤ 1,285 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) የተተኮሰው የፖርሴሊን (ነጭ ጠንካራ ሸክላ) ስኒ ከእቶን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከሰዓታት በኋላ ጢን ጢን እያለ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወርሰዋል፤ ቡና ሲቀዳበት መስመሩ ይጠቁራል። ግሌዙ (ስኒው ላይ ተቀብቶ ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆነው ሽፋን) የታወቀው 4-3-2-1 ነው፣ በመቶኛ፦ ፖታሽ ፌልድስፓር (ግሌዙ እንዲቀልጥ የሚረዳ ማዕድን) 40፣ ሲሊካ (የተፈጨ ኳርትዝ) 30፣ ካልሲየም ካርቦኔት 20፣ ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) 10።

መጀመሪያ እቶኑን 60 ዲግሪ እስኪደርስ ሳልከፍት ቆየሁ፤ ስንጥቁ ዘገየ እንጂ አልቀረም። ግሌዙን ሳሳ አድርጌ ስቀባ ቀነሰ። ደግሜ ስተኩሰው ተደፈነ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ተመለሰ።

ምክንያቱ የመኮማተር ልዩነት ነው። ከፌልድስፓሩ የሚመጡት ፖታሲየምና ሶዲየም ግሌዙን ከገላው (ከስኒው ሸክላ) ይበልጥ ያኮማትሩታል፤ ያኔ ተወጥሮ ይሰነጠቃል። ማቀዝቀዙን ማዘግየት ይህን አይለውጠውም፣ ቅመሙ ራሱ መለወጥ አለበት።

በ100 ግራም ደረቅ ቅመም ላይ 325 መሽ (በጣም የላመ) ሲሊካ 4፣ 8 እና 12 ግራም ጨምሬ ሦስት መሞከሪያ ተኮስኩ። 4 ግራም የተጨመረበት ተሰነጠቀ። 8ቱ ላይ ጥቂት መስመር ቀረ። 12ቱ ባይሰነጠቅም በደንብ አልቀለጠም፣ ፊቱ ደረቅ አለ። መፍትሔው 8ቱን ይዞ ከካልሲየም ካርቦኔቱ 5 ግራሙን በታልክ መተካት ሆነ፤ የታልኩ ማግኒዥየም መኮማተሩን ይቀንሳል።

ፈተናው፦ 3 ደቂቃ የፈላ ውሃ፣ ወዲያው የበረዶ ውሃ፣ አምስት ጊዜ፤ ከዚያ ቀለም ቀብቶ መጥረግ። ሲሊካው ከልክ ካለፈ ግሌዙ ከስኒው ከንፈር እየተላጠ ይረግፋል፣ ስለታም ስለሆነ ከስንጥቁ የባሰ ነው። ሲሊካና ታልክ ስትመዝኑ የአቧራ ጭምብል አድርጉ።