የሙቀት መርፌ የሌላትን ቪትዝ እንዳትፈላ መጠበቅ

የምነዳት ቪትዝ የሙቀት መርፌ የላትም። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሰማያዊ፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ቀይ መብራት ይበራል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ዳሽቦርዱ አይናገርም። በስድስት ዓመት ውስጥ ሞተሯ ያስቸገረኝ በማቀዝቀዣው በኩል ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን በአብዛኛው የሰው እጅ ያመጣው ነበር።

ክትትሉ የሚጀመረው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። የትርፍ ውሃ መያዣውን አይተው ብቻ አይመኑ፤ የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ካረጀ መያዣው ሞልቶ ራዲያተሩ ሊጎድል ስለሚችል፣ ክዳኑን ከፍተው ውሃው እስከ አፉ መድረሱን ይመልከቱ። ጎማውንም በጣትዎ ይዳስሱት፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ክዳኑ ይቀየር። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ሳይፈላ የሚያቆየው ይኸው ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ውሃው ዝገት ከመሰለ ራዲያተሩ ታጥቦ በኩላንት (በማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይተካ። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ግን የቴስታታው ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ውሃ ወደ ዘይቱ ሳያሳልፍ አልቀረምና መኪናዋን ሳያስነሱ መካኒክ ይጥሩ።

ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ ማንም እንዲያወጣው አይፍቀዱ። አንድ ጋራዥ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ የእኔን አውጥቶት ነበር። ቀድሞ ከሰፈር ሳልወጣ ይጠፋ የነበረው ሰማያዊ መብራት ቀለበት መንገድ ከገባሁ በኋላም አልጠፋ አለ፤ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ስላላገኘ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን እየጨመረ ይልክ ነበርና ወጪዬም ከፍ አለ። አዲስ ሲገዙ በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው ያሙቁት፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ዲግሪ፣ ለምሳሌ 82፣ ላይ ሲደርስ መከፈት መጀመር አለበት።

እውነተኛው ፈተና የዓባይ በረሃ ነው። ከወንዙ ወደ ደጀን ሲወጡ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት በከባድ መኪና ኋላ በዝግታ ስለሚጓዙ፣ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ከፋኑ የሚመጣው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወደ ወንዙ ከመውረድዎ በፊት፣ ጎሐ ጽዮን ላይ፣ ኤሲውን ከፍተው ፋኑ አብሮ መዞሩን ያረጋግጡ፤ ዳገቱን ሲጀምሩ ግን ኤሲውን ያጥፉት። ቀዩ መብራት ከበራ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅ ለመጨበጥ እስኪያስችል ድረስም ክዳኑን አይንኩት።