ስሙ ማውጫው ላይ አልገኝ ሲል

የቤተሰብ ታሪክ ሲፈለግ የአያት ስም በቤተ መጻሕፍቱ የስም ማውጫ ላይ ካልተገኘ መዝገቡ የለም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ማውጫው ነው፤ መዝጋቢው የሰማውን ጽፏል፣ በኋላ የገለበጠው ደግሞ የመሰለውን አንብቧል። መጀመሪያ ፊደል እየቀያየሩ መሞከር ነው፦ «ኃይሉ» ካልመጣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ»። ኮምፒውተሩ ሦስቱን እንደ ሦስት ሰው ሊቆጥራቸው ይችላል።

ይህም ካልሠራ ስሙን ትቶ ቤቱን መከተል። ችግሩን ሊፈታ የሚችለው ይኸው ነው። ብዙ የድሮ የከተማ አድራሻ መጻሕፍት (የነዋሪዎችን ስምና አድራሻ የሚዘረዝሩ) ከስም ዝርዝሩ ሌላ በመንገድና በቤት ቁጥር የተደረደረ ክፍል አላቸው። የቤቱ ቁጥር ከታወቀ፣ ስሙ ተጣምሞ ቢጻፍም ከቁጥሩ ትይዩ ይገኛል። በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ሁለት ጎረቤቶችም መጻፍ ይገባል፤ የቤት ቁጥሮች በሌላ ዓመት ቢቀየሩ ቤቱን የሚያሳውቁት እነሱ ናቸው።

ዓመቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአድራሻ መጽሐፉ ሽፋን 1925 ቢልም መረጃው በ1924 የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሞት ማስታወቂያ በጋዜጣ ማይክሮፊልም (ገጾቹ አንሰው በተነሡበት ፊልም) ሲፈለግ ስሙ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት መጽሐፍ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ይሻላል። የገጹን ቁጥርና የፊልሙን መለያ እዚያው ሳይጽፉ አለመነሳት።