ድራም መምታት እንዴት ይጀመራል? ስቲኩን ከመልቀቅ

ድራም መማር የጀመርኩት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ የተለማመድኩት ስህተት ነበር። ያንን ስህተት ለማረም ሌላ ዓመት ፈጀብኝ። እናንተ ያን ያህል ጊዜ እንዳታባክኑ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔን ወደ ድራም የሳበኝ ሮክ ነው። የሮክ ድራመር መድረክ ላይ ሲታይ ጉልበተኛ ይመስላል። ላቡ ይንጠባጠባል፣ ፀጉሩ ይበተናል፣ ስቲክ፣ ማለትም የመምቻውን እንጨት፣ ይሰብራል። እኔም ነገሩ ሁሉ ጉልበት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብላችሁ እጃቸውን ስታዩ ግን ሌላ ነው። እጃቸው የላላ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር አብዛኛው ስለዚያ መላላት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ምን ይገዛ?

ሙሉ ድራም አትግዙ። ገና ነው። አንድ ጥንድ ስቲክ፣ አንድ መለማመጃ ፓድ እና ስልካችሁ ላይ የሚጫን ነፃ ሜትሮኖም (እኩል ምት እየቆጠረ የሚሰጥ) ይበቃችኋል።

ስቲክ 5ኤ የሚል ቁጥር ያለበትን ያዙ። 7ኤ ቀጭን ነው፣ 2ቢ ደግሞ ወፍራም። 5ኤ መሃል ላይ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው እጅ ይስማማል። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አንከባሉ። እየተወዛወዘ የሚንከባለል ከሆነ ጠማማ ነው፣ ተዉት።

ፓድ ካጣችሁ ወፍራም ላስቲክ ጣውላ ላይ ለጥፉ። እኔ አራት ወር በዚያ ነው የተለማመድኩት። ትራስ ላይ መለማመድን የሚመክሩ አሉ። የሮክ ባንዱ የኒርቫና ድራመር ዴቭ ግሮል ልጅ እያለ የተለማመደው ትራስ ላይ ነው፤ ምን ዓይነት ድራመር እንደወጣው በ1991 ዓለም ሰምቷል። ቢሆንም ለጀማሪ አልመክርም። ትራስ ስቲኩን አይመልስም። እናንተ ደግሞ መጀመሪያ መማር ያለባችሁ መመለሱን ነው።

አያያዙ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ስቲኩን ከወፍራሙ ጫፍ አንድ ሦስተኛ ያህል ገባ ብላችሁ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያዙ። የቀሩት ሦስት ጣቶች ስቲኩን ዙሪያውን ይንኩት እንጂ አይጭመቁት። መዳፋችሁ ወደ መሬት ይዙር። ሁለቱም እጅ እንዲሁ ነው።

አሁን ስቲኩን ወደ ላይ አንሱና ፓዱ ላይ ጣሉት። አትምቱት፣ ጣሉት። ነጥሮ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይነጥራል። ተዉት። ልክ ከእጅ ያመለጠ ኳስ ነጥሮ ነጥሮ እንደሚያርፈው እስኪያርፍ ድረስ ጠብቁ። ከዚያ የያዛችሁበትን ቦታ በአንድ ሳንቲ ሜትር ወደፊት፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ወደኋላ እያደረጋችሁ ድገሙት። ስቲኩ ብዙ ጊዜ የሚነጥርበት አንድ ቦታ ታገኛላችሁ። የመያዣ ቦታችሁ እሱ ነው። በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

እኔ ይህን ዘለልኩት። ስቲኩን እንደ መዶሻ ጨምቄ ይዤ ፍጥነት ማሳደድ ጀመርኩ። መዳፌ ውሃ ሲቋጥር ደስ አለኝ፤ የትጋት ምልክት መስሎኝ። ቀጥሎ ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። እሱንም ቸል አልኩት። በስምንተኛው ወር የቀኝ እጄ አንጓ ሲኒ ማንሳት እስኪያቅተው ድረስ አመመኝ። ሐኪም ጅማቴ ተቆጥቷል አለኝ። ስድስት ሳምንት ስቲክ ሳልነካ ቆየሁ። እጃችሁ ቢደነዝዝ ወይም አንጓችሁ ቢያማችሁ እዚያው አቁሙ። ሕመም ችላችሁ የምታልፉት ደረጃ አይደለም፤ አያያዛችሁ እንደተበላሸ የሚነግራችሁ ነገር ነው።

ከስድስት ሳምንቱ በኋላ ቀስ ብዬ ስጀምር አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከታች ፎቅ ያሉት እናት ነበሩ። በጩኸቱ ሊቆጡኝ የመጡ መሰለኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እየወቀጥክ ነው?»

«ልምምድ ነው እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ፓዱን አሳየኋቸው። እስቲ ምታው አሉኝ። ትንሽ ቆመው እጄን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ አንቀህ ይዘህማ ይደክምሃል። ዘነዘና እንኳ እንዲህ አይያዝም። ታነሳዋለህ፣ ትለቀዋለህ። ክብደቱ ይወቅጥልሃል።»

እጃቸውን አየር ላይ እያነሱ አሳዩኝ። ክርናቸው ይነሳል፣ አንጓቸው ይከተላል፣ ጣቶቻቸው መጨረሻ ላይ ይዘረጋሉ። ሲወርድ ምንም አይገፉም። ሳያቸው በቪዲዮ ስፈልገው የነበረው ነገር ፊቴ ቆሞ ነበር። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ቡናው ዘነዘናውን መልሶ አይሰጥም። የድራም ቆዳ ግን የወረደውን ስቲክ ይመልሳል። ስለዚህ ከማንሳቱም ግማሹ ተሠርቶላችኋል።

አያያዛችሁ ልክ መሆኑን በድምፅም መለየት ትችላላችሁ። የታነቀ ስቲክ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። የላላ ስቲክ እንጨቱ ራሱ ትንሽ ይዘፍናል። ጣቶቻችሁንም እዩ። የአውራ ጣታችሁ ጥፍር ከነጣ እየጨመቃችሁ ነው።

ይህ የጀማሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሩሹ ኒል ፒርት ባንዱን የተቀላቀለው በ1974 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዓለም ከታወቀ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ፍሬዲ ግሩበር የሚባል አስተማሪ ዘንድ ሄዶ አያያዙንና አቀማመጡን ከሥሩ እንደገና ተማረ። ይህን ሳነብ ስድስቱ ሳምንት የባከኑ አልመስል አሉኝ።

የእጅ ልምምዶች

ሦስት ይበቃል። ነጠላ፦ ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ። ድርብ፦ ቀኝ ቀኝ ግራ ግራ። ፓራዲድል፦ ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ። ሩዲመንት የሚባሉት መሠረታዊ ልምምዶች 40 ናቸው ተብሎ በዝርዝር ተቀምጧል። ሁሉንም የሚያሳድድ ጀማሪ አንዱንም አይዝም። ለመጀመሪያው ስድስት ወር በሦስቱ ቆዩ።

ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት። ሁለት ደቂቃ ሳትጨመቁ ከመታችሁ በ4 ከፍ አድርጉ። ከተጨመቃችሁ መልሱት።

እግር

ቀኝ እግር ቤዝ ድራሙን (መሬት ላይ የሚቆመውን ትልቁን ድራም)፣ ግራ እግር ሃይ ሃቱን (በፔዳል የሚገጣጠሙትን ሁለት የብረት ሳህኖች) ይይዛል። ተረከዝን መሬት አሳርፎ መምታትም ይቻላል፣ አንስቶ መምታትም። ሁለቱንም ሞክሩ። ለሮክ ድምፅ ተረከዝ ማንሳቱ ይቀላል።

የእጁ ሕግ እዚህም ይሠራል። ጀማሪ ፔዳሉን ረግጦ እዚያው ይቀራል፤ መዶሻው ቆዳው ላይ ተጣብቆ ድምፁን ያፍነዋል። መታችሁ ልቀቁት፣ ይመለስ። የሌድ ዘፕሊኑ ጆን ቦንሃም በ1969 የወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ሲከፈት፣ «ጉድ ታይምስ ባድ ታይምስ» ላይ፣ በቀኝ እግሩ የሚያስወነጭፋቸውን ፈጣን ምቶች ስሙ። ብዙ ሰው ሁለት ቤዝ ድራም ያለው መስሎት ነበር። አንድ እግርና አንድ ፔዳል ነው። በሚረግጥና በሚቀር እግር ያ አይሆንም።

እግር ምን ያህል መማር እንደሚችል ማየት የፈለገ የዴፍ ሌፓርዱን ሪክ አለንን ይመልከት። በ1984 የመጨረሻ ቀን በመኪና አደጋ ግራ እጁን አጣ። የግራ እጁን ሥራ ለግራ እግሩ አስተማረ፤ እግሩ የሚረግጣቸው ኤሌክትሮኒክ ፔዳሎች ተሠሩለት። በ1986 ትልቅ መድረክ ላይ ተመለሰ። በ1987 ከባንዱ ጋር «ሂስቴሪያ» የተባለውን አልበም አወጣ። ግራ እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ የማስበው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ምት

እስከ አራት ቁጠሩ፣ በየመሃሉ «እና» በሉ። ሃይ ሃት ስምንቱም ላይ፣ ቤዝ ድራም 1 እና 3 ላይ፣ ስኔር (ከፊታችሁ ጭናችሁ መሃል የሚቀመጠው ድራም) 2 እና 4 ላይ። አብዛኛው ሮክ የቆመው በዚህ ነው። መጀመሪያ ጭናችሁ ላይ፣ ከዚያ ድራም ላይ።

ይህን ሲይዙ ሰዎች ወዲያው ማስዋብ ይፈልጋሉ። አትቸኩሉ። የኤሲ ዲሲው ፊል ራድ በ1980 «ባክ ኢን ብላክ» ላይ የሚመታው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከሱ ጋር አንድ ዘፈን ሙሉ ሳትፈጥኑና ሳትዘገዩ መጨረስ ስትችሉ ለምን ያን ያህል እንደሚከበር ይገባችኋል።

ማዳመጥ

ይህ ትምህርት ነው፣ መዝናኛ ብቻ አይደለም። የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ድራመር እመርጣለሁ፣ የሱን አንድ ልማድ እፈልጋለሁ፣ ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ እሰማለሁ።

ቻርሊ ዋትስን ያዙ። ከ1963 ጀምሮ በ2021 እስኪሞት ድረስ የሮሊንግ ስቶንስ ድራመር ነበር፤ ልቡ ግን ጃዝ ላይ ነበር። በቪዲዮ ሲመታ ቀኝ እጁን ተከተሉ። ስኔሩን በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁ ከሃይ ሃቱ ይነሳል። ስምንቱን ሁሉ አይመታም፤ 2 እና 4 ላይ ይዘላል። ስኔሩ ብቻውን ይሰማል፣ ምቱም ይተነፍሳል። እኔ ይህን ስሞክር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲገባኝ ግን ያው ተራ ምት ከሥሩ ተለወጠ።

የቢትልሱ ሪንጎ ስታር ደግሞ ግራኝ ነው፤ የሚመታው ግን ለቀኝ እጅ በተዘረጋ ድራም ነው። በዘፈን መሃል ድራሞቹን ሲዞርባቸው በግራ እጁ ስለሚጀምር የሚወጣው ነገር የሌላ ሰው አይመስልም። ግራኝ የሆናችሁ ድራሙን ለማዞር ከመወሰናችሁ በፊት እሱን ስሙት።

ሸፍል

ከአንድ ዓመት በኋላ ወደዚህ ኑ። በርናርድ ፐርዲ በሚባል አሜሪካዊ ድራመር ስም የሚታወቅ ምት አለ፤ የፐርዲ ሸፍል ይሉታል። ቦንሃም በ1979 «ፉል ኢን ዘ ሬይን» ላይ፣ የቶቶው ጄፍ ፖርካሮ በ1982 «ሮዛና» ላይ የመቱት የዚሁ ዘር ነው።

እያንዳንዱን ቁጥር ለሦስት ክፈሉት። ሃይ ሃት አንደኛውና ሦስተኛው ላይ። መሃለኛው ላይ ግራ እጅ ስኔሩን ሊሰማ ሲል ብቻ ይነካዋል። ትልቁ የስኔር ምት ቁጥር 3 ላይ ብቻ። ችክችካ እየሰማ ያደገ ጆሮ ሦስት ሦስት መቁጠሩ አይከብደውም። ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ግን የተለየ ነው፤ የችክችካውን እንዳታመጡት።

አስቸጋሪው ከትልቁ ምት ቀጥሎ ያለችው ትንሿ ናት። ስቲኩ ከ30 ሳንቲ ሜትር ወርዶ መትቶ፣ መልሶ ከመነሳቱ በፊት 3 ሳንቲ ሜትር ላይ መቆም አለበት። ጣቶቻችሁን ለቅጽበት የምትዘጉት እዚህ ብቻ ነው። ዝጉ፣ ወዲያው ክፈቱ። ሃይ ሃቱን ትታችሁ በግራ እጅ ብቻ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ትንሽ እያላችሁ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ሥሩ።

ጆሮ

ሙሉ ድራም ላይ ከተቀመጣችሁ ቀን ጀምሮ የጆሮ መድፈኛ አድርጉ። የድራም ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል። በ100 ዴሲቤል ለጆሮ ደህና የሚባለው ጊዜ በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዓት ያለ መድፈኛ ተለማምጄ ጆሮዬ ሦስት ቀን ጮኸ። ግራው ዛሬም ሌሊት ፀጥ ሲል ይሰማኛል። የስፖንጁ መድፈኛ ርካሽ ነው። እባካችሁ።

ራስን መቅዳት

በሳምንት አንድ ጊዜ በስልክ ቅዱ። ስልኩን ድራሙ አጠገብ አታስቀምጡት። የሌድ ዘፕሊን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ድራሙ የተቀዳው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል የእንግሊዝ ገጠር ቤት ውስጥ ነው። ድራሙ ከደረጃው ሥር ተቀመጠ፣ ማይክሮፎኖቹ ከላይ ከደረጃው ተንጠለጠሉ። ያ ግዙፍ ድምፅ የመጣው ከቤቱና ከርቀቱ ጭምር ነው። እናንተም ስልኩን ራቅ አድርጉት፤ ከቻላችሁ ከበሩ ውጭ።

የመጀመሪያውን ቅጂዬን ስሰማ ሃይ ሃቱ ሁሉን ውጦት ነበር። ስኔሬ አይሰማም፣ ቤዝ ድራሙ የለም ማለት ይቻላል። ድራሙ ላይ ተቀምጬ ይህ አይታወቀኝም ነበር። ሃይ ሃቱን በስቲኩ ትከሻ (ወደ ጫፉ በሚቀጥንበት ክፍል) ሳይሆን በጫፉ፣ ከጠርዙ ገባ ብዬ መምታት ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጂ ላይ ስኔሩ ወጣ። ያን ቅጂ ለታችኛዋ ጎረቤቴ አሰማኋቸው። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙና «አሁን ለቀኸዋል» አሉኝ።