ከደብረ ማርቆስ ሆኜ የአውሮፓን የባቡር ጉዞ ያስተካከልኩበት መንገድ

ከባለቤቴ ጋር ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ሙኒክን፣ ሳልዝበርግንና ቪየናን ያለ መኪና ኪራይ በባቡር ለማየት አቀድን። ኢንተርሬይል የተባለውን ፓስ (በአንድ ግዢ በብዙ አገር ባቡሮች የሚያስኬድ ትኬት) ለመግዛት የመኖሪያ አገሬን ኢትዮጵያ ብዬ ስሞላ ግዢው አልቀጥል አለ። ስልክ ቀየርኩ፣ ካርድ ቀየርኩ፤ የኔትወርኩ ችግር መስሎኝ ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ እንዲሞክርልኝ ለመንኩት። ውጤቱ ያው ሆነ። ሦስት ቀን አለቀ።

ለካ ኢንተርሬይል ለአውሮፓ ነዋሪዎች ብቻ ነው! ከአውሮፓ ውጭ የምንኖር የምንገዛው ዩሬይልን ነው። እሱን ስሞክር ወዲያው ሆነልኝ።

ፓሱ ግን ወንበር ማለት አይደለም። ከሮም ወደ ፍሎረንስ የሚሄደው ፍሬቻሮሳ የተባለው ፈጣን ባቡር ለወንበር ማስያዣ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ ዝግ ብሎ የሚሄደው ሬጂዮናሌ የተባለው ባቡር አይጠይቅም። ከሙኒክ በሳልዝበርግ በኩል ቪየና ድረስም ማስያዝ ግዴታ አይደለም። ይህን ለይቶ የሚያሳየው ሬይል ፕላነር የተባለው መተግበሪያ ነው፤ የጊዜ ሰሌዳውን ያለ ኢንተርኔትም ያወጣል፤ እኔ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው።

የባቡሩንም ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ሳትቀይሩ እንዳለ ጻፉት። እኔ 14:10 የሚለውን ደብተሬ ላይ «8:10» ብዬ በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩት፤ ባለቤቴ በፈረንጅ አቆጣጠር የጠዋቱ 8:10 መስሏት የዚያን ቀን ዕቅድ በሙሉ ሰርዛው አገኘሁ።